ከካስማው በፊት ወይስ ከካስማው በኋላ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተወልጄ ያደግኩ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ደቡብ ምዕራብ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ደን አቋርጦ በሚያልፍ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ተመድቤያለሁ። ቅየሳው ክረምቱ ሲወጣ ይጀመራል። ከነዋሪው፣ ከደን መሥሪያ ቤቱ፣ ከወረዳውና ከኮንትራክተሩ የተውጣጣ ‹የጋራ አስተዳደር ኮሚቴ› ይቋቋማል፤ አንቺም አባል ነሽ ተብያለሁ። በአማዞንና በኮንጎ ደኖች ይህ አሠራር ተሞክሯል ሲባል እሰማለሁ። ጋሼ፣ እውነት ይሠራል? ወይስ ሻይ ተጠጥቶ፣ አበል ተፈርሞ የሚበተን ስብሰባ ነው? እኔስ እዚያ ገብቼ ምን ላድርግ?»

ጋሼ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አንቺ ብዬ ነው የምቀጥለው። ድሬና ሐረር አንቱታ ድሮም አይበረክትም፤ ታውቂዋለሽ።

ይሠራል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አይሠራም። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሥራ ስዞር ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ሁሉ የቀረኝ መለያ አንድ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የተሰበሰበበትን ቀን ጠይቂ። ቀጥሎ ቀያሹ የመንገዱን መስመር የሚያመለክተውን የመጀመሪያ ካስማ የተከለበትን ቀን ጠይቂ። ስብሰባው ከቀደመ ተስፋ አለ። ካስማው ከቀደመ የተጠራሽው ለፊርማ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ናቸው። በዚያው በደቡብ ምዕራብ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የሚናገር ሰው አይሰማም። እኔ ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ቀዩን መስመር በጣቴ እከተላለሁ። ስለ ካሳ አወራሁ። ስለ ሥራ ዕድል አወራሁ። ሽማግሌው እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። «ልጄ፣ ቀፎ ከሰቀልኩበት ዛፍ ሥር ራሱን ቀይ የተቀባ እንጨት ተተክሎ ካየሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ የምትጠይቁን ምኑን ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ መልስ አልነበረኝማ።

የባሰው በኋላ መጣ። በዚያ ቀን ያዞርነው የስም ወረቀት ራስጌው ላይ «የተገኙ» ይል ነበር። ከወራት በኋላ በሪፖርቱ አባሪ ላይ ሳየው «የተስማሙ» ሆኗል። ስሞቹ ያው ናቸው፣ የሽማግሌው የጣት አሻራም እዚያው አለ። ማን እንደቀየረው አልጠየቅኩም። እኔም በዚያ ሪፖርት ላይ ስሜ አለ።

ካስማውን ለምን እንደማከብደው አንቺ ከእኔ በላይ ይገባሻል። ካስማ ከተተከለ በኋላ መስመር ማዞር ማለት ቅየሳ መድገም፣ ንድፍ መቀየር፣ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ፣ የዋጋ ልዩነት መክፈል ነው። ስለዚህ ከካስማ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ ትክክል ቢሆን እንኳ ውድ ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም የማይሰሙት። መስማት ገንዘብ ስለሚያስወጣቸው ነው።

አሁን ወደ አማዞን። የውጭ አገሮቹን ዓመታት የምጠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብራዚል ውስጥ ሮንዶኒያ የምትባል ግዛት አለች። በእሷ ውስጥ የሚያልፈው ቢአር 364 የተባለው አውራ ጎዳና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር አስፋልት ለበሰ። መሬት ይገኛል ተብሎ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ሕዝብ ጎረፈ። ከዚያ በኋላ የተነሡትን የሳተላይት ፎቶዎች ፈልገሽ እያቸው። አውራ ጎዳናው እንደ ዓሣ አከርካሪ መሐል ለመሐል ይሄዳል። የእርሻ መንገዶቹ ከግራና ከቀኝ እንደ ጎን አጥንት ይወጣሉ። በአጥንቶቹ መሐል ያለው ሥጋ ደኑ ነበር፤ እሱ በየዓመቱ እየተበላ አለቀ። ጩኸቱ ሲበዛ ባንኩ ራሱ በ1985 ክፍያውን ለጊዜው አቆመ።

መንገዱ ወደ አጎራባቿ አክሪ ግዛት ሊቀጥል ሲል ከጎማ ዛፍ ወተት እየቀዱ የሚኖሩ ሰዎች ተነሡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ቺኮ ሜንዴስ ነበር። መጋዝ ይዘው በሚመጡት ሰዎች ፊት ከነሚስት ከነልጆቻቸው እየቆሙ ደናቸውን ይከላከሉ ነበር። የልማት ጠላት ተባሉ። ጥያቄያቸው ግን መንገዱ ይቅር አልነበረም። መንገዱ ከመምጣቱ በፊት የምንኖርበት ደን የማን እንደሆነ ይወሰን ነበር የሚሉት። በ1987 ሜንዴስ ማያሚ ድረስ ሄዶ ለመንገዱ ብድር የሚሰጠውን የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ሰዎች አነጋገረ። ብድሩ ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 22 ሜንዴስ በቤቱ በር ላይ ተገደለ። በ1990 ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ደን በስሙ ተጠብቆ ለነዋሪዎቹ መጠቀሚያ ተከለለ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዢ። ነገሩን ያስቆመው የስብሰባው ብዛት አይደለም፤ የብድሩ ቧንቧ መዘጋቱ ነው። ኮሚቴሽ ምንም ዓይነት ክፍያ ማዘግየት የማይችል ከሆነ ምክር ይሰጣል እንጂ አያስተዳድርም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያስጨንቀኛል፤ ሁሉም ነገር ደህና ተጀምሮ ነበርና። ቢአር 163 ይባላል። ከኩያባ ተነሥቶ አማዞን ወንዝ ዳር እስካለችው ሳንታረም ይደርሳል፤ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1970ዎቹ በወታደራዊው መንግሥት ተከፈተ። አብዛኛው ግን ለዓመታት ጭቃ ሆኖ ኖረ። አኩሪ አተር አምራቾች አስፋልት ይደረግልን አሉ፤ ወደ ወደቡ ያቀርባቸዋል። በ2003 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የሆነችው ማሪና ሲልቫ ከአክሪ የጎማ ቀጂ ቤተሰብ የወጣች፣ ከቺኮ ሜንዴስ ጎን የታገለች ሴት ናት። በ2004 የብዙ ሚኒስቴሮች የጋራ ቡድን ተቋቋመ። በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች ሕዝቡ ተሰበሰበ። ገበሬውም፣ ማኅበራቱም፣ ነባር ሕዝቦችም፣ ተመራማሪውም ተናገረ። በ2006 ዕቅዱ ጸደቀ። በዚያው ዓመት በመንገዱ ዙሪያ ሰፋፊ ጥብቅ ቦታዎች ታወጁ። ጃማንሺም ብሔራዊ ደን አንዱ ነው፤ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር።

እስኪ ንገሪኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ሕዝብ ተጠይቋል፣ ሚኒስትሯ የደኑ ልጅ ናት፣ አስፋልቱም ገና ነው።

የጎደለው ከስብሰባው በኋላ ያለው ነው። አስፋልቱ ሳይመጣ ወሬው ይቀድማል፤ ወሬው ራሱ ደን ይቆርጣል። መንገድ ሊመጣ ነው የተባለ ቦታ ነገ ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ዛሬ መንጥሮ አጥሮ የያዘ ያተርፋል። ጥብቅ ቦታው በወረቀት ላይ ነበር፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ቀስ በቀስ ከቦታቸው ተነሡ፣ ማሪና ሲልቫም በ2008 ሥልጣኗን ለቀቀች። ጃማንሺም በብራዚል እጅግ ከተመነጠሩት የፌዴራል ጥብቅ ቦታዎች አንዱ ሆነ። በኦገስት 10 ቀን 2019 በዚያው መንገድ ላይ ባለችው ኖቮ ፕሮግሬሶ አካባቢ ሰዎች ተነጋግረው እሳት ለኮሱ፤ ቀኑ እስከ ዛሬ «የእሳት ቀን» ይባላል። አስፋልቱ ወደቡ አካባቢ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ2020 መጀመሪያ ነው።

ለፍርድ እንዳንቸኩል ሌላውንም ልንገርሽ። በአገር ደረጃ ብራዚል በዚያው በ2004 በርካታ ሚኒስቴሮችን ያቀናጀ የደን ጥበቃ ዕቅድ ጀምራ ነበር። ሳተላይት ምንጠራውን ወዲያው ያያል፣ ተቆጣጣሪ ይላካል፣ ሕገ ወጥ መንጣሪ ብድር ይከለከላል። በአማዞን በዓመት የሚመነጠረው ደን በ2004 ከነበረው 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር በ2012 ወደ 4,571 ወረደ። ቁጥጥሩ ሲላላ ደግሞ በ2021 ከ13,000 አለፈ። መንገዶቹ በአብዛኛው ያው ናቸው። የተለዋወጠው ከመንገዱ ጀርባ የቆመው ሰው ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ከፈለግሽ በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአማዞን ከተመነጠረው ደን 95 በመቶው ገደማ ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ጀልባ ከሚሄድበት ወንዝ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሕጋዊ መንገድ ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሕገ ወጥ መንገድ ተገኝቷል። እኛ በመንገድ ሥራ ያለን ሰዎች ለሠላሳ ሜትር የመንገድ ወሰን ስንጨቃጨቅ ጉዳዩ ያለው አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው።

እኛ የድሬ ልጆች ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት በሜዳው አለፈ። ሐዲዱ በ1902 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ሲደርስ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። አሮጌዋ ሐረር ግንቧን ይዛ ላይ ቀረች። የሁለት ከተማ ዕጣ በአንድ ቀያሽ መስመር ተወሰነ። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። መስመር መንገድ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አሁን የተሳካላቸውን። የምወደው ምሳሌ ኮስታሪካ ነው። ከሳን ሆሴ ወደ ካሪቢያን ጠረፍ አዲስ መንገድ ታሰበ፤ ማለፊያው ማንም ያልነካው ተራራማ ዝናባማ ደን ነው። የደን ተቆርቋሪዎቹ ጮኹ። መንግሥት መንገዱን አልተወም። ድርድሩ ግን እንዲህ ሆነ፦ በ1978 ግራና ቀኙ ብራውልዮ ካሪዮ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ቀድሞ ተከለለ፤ መንገዱ የተከፈተው በ1987 ነው። ፓርኩ መንገዱን ዘጠኝ ዓመት ቀደመው። ዛሬ መኪናው በዋሻ ወጥቶ ደን ለደን ይነዳል። መንደር የለም፣ የጎን አጥንት የለም። መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን ደጋግሞ መዝጋቱ ሌላ ነገር ነው፤ ተዳፋቱ ላይ እናንተ መሐንዲሶቹ ተጨነቁበት።

ሁለተኛው ከአፍሪካ ነው። ናይጄሪያ ክሮስ ሪቨር ግዛት ውስጥ ኤኩሪ የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉ፤ 33,600 ሄክታር ደን በጋራ ያስተዳድራሉ። ድሮ እንጨት ነጋዴዎች መጥተው ደኑን ስጡንና መንገድ እንሥራላችሁ አሏቸው። መንገድ በጣም ይፈልጉ ነበር፤ ምርታቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ነው ገበያ የሚወጡት። ሆኖም እምቢ አሉ። ከደናቸው በልክ እየሸጡ፣ ገንዘብ እያጠራቀሙ መንገዳቸውን ራሳቸው አስቆፈሩ። በ2004 ለዚህ ሥራቸው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ግዛቱ ወደ 260 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሱፐር ሃይዌይ እሠራለሁ ብሎ በ2016 ከመንገዱ በእያንዳንዱ ጎን 10 ኪሎ ሜትር መሬት የእኔ ነው አለ። ልብ በዪ፣ አሥር ኪሎ ሜትር! ለአስፋልት ነው ይህ ሁሉ? መንደሮቹ ጮኹ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። የፌዴራሉ የአካባቢ ሚኒስቴርም የተፅዕኖ ሰነዱን ደጋግሞ መለሰው። በ2017 ወሰኑ ወደ 70 ሜትር ወረደ፤ መስመሩም እንደሚዞር ተነገረ።

ኤኩሪዎች ያሸነፉት ብልህ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ሱፐር ሃይዌዩ ሲመጣ ማኅበር ነበራቸው፣ ደንብ ነበራቸው፣ ወሰኑ የታወቀ ደን ነበራቸው። ለመንገዱ ሲባል የተሰፋ ኮሚቴ አልነበረም።

ቦሊቪያን ባጭሩ ልለፍ። ቲፕኒስ በተባለው ፓርክና የነባር ሕዝቦች መሬት መሐል ለሚያልፍ መንገድ ውሉ በ2008 ተፈረመ። ሰዎቹ በ2011 ወደ መንግሥት መቀመጫው ላፓዝ በእግራቸው ተጓዙ፣ ፖሊስ ደበደባቸው፣ አገር ተቆጣ፣ መንገዱን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕዝቡ «ተመካከረ» የተባለው በ2012 ነው። ውሉ ከተፈረመ አራት ዓመት በኋላ! በ2017 ደግሞ ክልከላው ተነሣ። የሽማግሌውን ጥያቄ አስታወሰኝ።

ኮንጎንም ጠይቀሽኛል። በኮንጎ ሪፐብሊክ ሰሜን፣ በኑዋባሌ ንዶኪ ፓርክ ዙሪያ፣ ከ1999 ጀምሮ መንግሥት፣ አንድ እንጨት ቆራጭ ኩባንያና አንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በጋራ ሠርተዋል። የኩባንያው መኪና የአደን ሥጋ እንዳይጭን ኬላ ተቋቋመ፤ ለሠራተኛው ሌላ ሥጋ እንዲቀርብ ተደረገ፤ ሥራው ያለቀ የእንጨት መንገድ ተዘጋ። ለአንቺ የሚጠቅሙሽ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ካምፕ ባለበት ሁሉ የሚበላ ሰው አለ። ምን እንደሚበላ ያላሰበ ፕሮጀክት የደኑን እንስሳ ያበላል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የአስተዳደር ወሰን። ለዚህ የድሬን ወንዝ ደቻቱን ላንሳ። ገንደ ቆሬ ያደገ ሰው ደቻቱን አይረሳም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው ግን ድሬ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው የወረደው ከላይ ከደንገጎ በኩል ካሉት፣ ዛፋቸው ከተራቆተ ተራሮች ነው። ተራሮቹ ደግሞ የሌላ አስተዳደር ናቸው። ከጎርፉ በኋላ እዚህ ከተማው ውስጥ ግንብ ሠራን። ግንብ ጥሩ ነው፤ የላይኛው ሰው ግን በስብሰባው ላይ ካልተቀመጠ ነገሩ ግማሽ ነው። የሐረርም ውሃ እንደዚሁ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር የዳነችው ከታች ከድሬ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ሽቅብ በሚገፋ ውሃ ነው። ቧንቧው ከአንድ በላይ አስተዳደር ያቋርጣል፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞችም ተጋሪ ናቸው። አንዱ ቅር ቢለው ሌላው ይጠማል። የአንቺም ኮሚቴ በአንድ ወረዳ ብቻ ከታጠረ ወንዙ የሚሄድበት ቀጣዩ ወረዳ የት ነው ብለሽ ጠይቂ።

ወደ አገራችን ሕግ ስመጣ አጥሬ ልናገር፤ ሕጉ ችግር የለበትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92ም ይደግመዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ሳይጸድቅ ሥራ እንዳይጀመር፣ ሰነዱም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ዕውቅና ሰጥቶታል። ፕሮጀክትሽ ከካፋ፣ ከያዩ፣ ከሸካ ወይም ከማጃንግ ባዮስፌር ክልል በአንዱ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የዞን ካርታ አለ፤ እምብርቱ፣ መከለያውና ዳርቻው ተለይቷል። መስመርሽን እላዩ ላይ አስቀምጠሽ ተመልከቺ። ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስንት ሰው ሳያደርገው እንደሚቀር ብነግርሽ አታምኚኝም።

እዚያ አገር ደግሞ ከባዶ አትጀምሪም። አሳታፊ የደን አስተዳደር በቦንጋ አካባቢ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ማኅበራቱ የተካለለ ደን፣ መተዳደሪያ ደንብና ከመንግሥት ጋር የተፈረመ ውል አላቸው። ከዚያም በፊት ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሥርዓቱን ኮቦ ይሉታል። እና ምክሬ ይህ ነው፦ አዲስ ኮሚቴ አትፍጠሩ። ያለው ማኅበር ወደ ጠረጴዛው ይምጣ። አዲስ ኮሚቴ የወረዳው ሰው የሚመርጣቸውን፣ ስብሰባ የለመዱትን ሰዎች ይሰበስባል። ኮረሪማና ጥምዝ የምትለቅመዋ ሴት አትመጣም፤ ደኑን በእግሯ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሰዎቹ መንገዱን ይፈልጉታል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሰዓታት ተሸክሞ ያወጣ ሰው መንገድ አልፈልግም አይልም። መንገድ ደጃፉ ላይ ያለው የከተማ ሰው «ደኑ ይጠበቅ» ሲል እነሱ ፊት ያስቃል። እኔ ራሴ አንዴ አስቄአለሁ።

አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? መሐንዲስ ነሽ፤ በእጅሽ ያለው ስብከት ሳይሆን ሰነድ ነው። ቢኦኪው የምንለውን የሥራና የዋጋ ዝርዝር አውጪው። የአካባቢ ጥበቃው ሥራ በአንድ መስመር «በጥቅል» ተብሎ ከገባ ማንም አይሠራውም፤ ኮንትራክተሩ ጥቅሉን ይበላና ይሄዳል። ሰባብሪው። የኳሪ (የድንጋይ ማውጫ) መልሶ ማልበስ በሜትር ኪዩብ፣ ችግኝ በቁጥር፣ ጊዜያዊ መንገድ መዝጋት በኪሎ ሜትር። የሚለካ ነገር ይከፈልበታል፤ የሚከፈልበት ይሠራል። ከዚያ የመጨረሻው ክፍያ ሰርተፊኬት ላይ የደን ማኅበሩ ፊርማ ይኑርበት ብለሽ ተከራከሪ። ይህን አንድ ነገር ካሸነፍሽ ሌላውን ሁሉ ብትሸነፊ ቅር አይበልሽ።

የካምፕና የኳሪ ቦታ ዋናው መስመር ሲጸድቅ ተረስቶ በኋላ «ቀላል ጉዳይ ነው» ተብሎ በቃል የሚወሰን ነገር ነው። ደን የሚከፈተው በዚህ በር ነው። ወደ ኳሪ የገባ ገልባጭ መኪና የሠራው መንገድ መኪናው ሲወጣ አይወጣም። ከሳምንት በኋላ ሞተር ሳይክል ይገባበታል፣ ከወር በኋላ መጋዝ። ስለዚህ ካምፑም ኳሪውም ከደኑ ውጭ፣ በቆየ እርሻ ላይ ይሁን። ካልሆነ መግቢያው ሲያልቅ በቦይ ተቆርጦ፣ ግንድ ተጋድሞበት ይዘጋ።

በመንገዱ ሥር ውሃ ስለሚያሳልፈው ቱቦማ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ በዝናባማ ደን ውስጥ ትንሽ የምትመስል ጅረት ከታፈነች በላይኛው በኩል ዛፉ ቆሞ ይሞታል። እና የመንገዱን ወሰን በምትችይው ሁሉ አጥብቢው። ሁለት ትላልቅ ዛፎች ከመንገዱ በላይ ቅርንጫፋቸው ከተነካካ ጉሬዛው መሬት ሳይወርድ ይሻገራል። ኮንትራክተሩ ለማሽን ይመቸኛል ብሎ ሰፋ አድርጎ ይጠርጋል፤ ከወሰን ውጭ የተቆረጠ ዛፍ በቁጥር ቅጣት ይኑረው።

ቃለ ጉባኤውን አንቺ ያዢ። የምሬን ነው። ጸሐፊነት ማንም አይሽቀዳደምበትም፤ ሥልጣኑ ግን እዚያ ነው። በአካባቢው ቋንቋ ተነብቦ ይጽደቅ እንጂ በአማርኛ ተጽፎ ብቻ አይቅር። ተቃውሞም በተናጋሪው ቃል ይጻፍ፤ «አንዳንድ ስጋቶች ተነሥተዋል» ተብሎ አይጠቅለል። የስም ወረቀቱን ራስጌ ደግሞ አንቺ በእስክሪብቶ ጻፊው፦ «የተገኙ»። ከሥሩ መስመር አሥምሪበትና ፎቶ አንሺው። ለምን እንዳልኩሽ አሁን ታውቂያለሽ።

አበሉን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ከብዙ ባልደረቦቼ ይለያል። ገበሬ ቀኑን ሙሉ ከሥራው ተነሥቶ ሲመጣ የቀን ገቢው ሊተካለት ይገባል፤ ይህ ጉቦ አይደለም። ጉቦ የሚሆነው ከፊርማው ጋር ሲታሰር ነው። ጠዋት ሲገቡ ይከፈላቸውና የፈለጉትን ይናገሩ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላስ? ቢአር 163 የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የሥራ ርክክብ ቀን የሚፈርስ ከሆነ ከአሁኑ ተናገሪ። በየስንት ጊዜ ማን ወጥቶ የጎን መንገዶችን ይቆጥራል? ኬላ ላይ የሚቆመው ሰው ደመወዝ ከየት ነው? የማኅበሩ የደን ይዞታ ማረጋገጫ አስፋልቱ ሳይደርስ በእጃቸው ገብቷል? ለሦስቱ መልስ ከሌለ ሚኒስትሯም የደኑ ልጅ ብትሆን አይበቃም፤ አይተነዋል።

በዚያ አገር ዝናቡ እስከ ጥቅምት አይለቅም። ቀያሾቹ ከኅዳር በፊት ደን ውስጥ ይገባሉ ብዬ አልገምትም። እስከዚያ የአማራጭ መስመሮቹን ካርታ ጠይቂ፤ አማራጭ የለም ካሉሽ አሮጌው የበቅሎ መንገድ በየት እንደሚያልፍ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ከእኛ መስመር የተሻለ ተዳፋት አለው። ቀፎ የተሰቀለባቸውን ዛፎች፣ ምንጮቹንና የማኅበሩን ወሰን በእርሳስ ምልክት አድርጊና ፎቶውን ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።